ጥቂት በልቶ ብዙ ስለሚያፈራ እህል

የእህልን ተፈጥሮ በላቦራቶሪ መለወጥ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ይህ ጥያቄ በመካከላችን በተነሣ ቁጥር ተከራካሪው ወዲያውኑ ከሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «እግዚአብሔር የፈጠረውን ዘር መነካካት ድፍረት ነው፤ መጨረሻውም አያምርም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ለተራበ ሰው የእህሉ ትውልድ ምን ያደርግለታል? በልቶ ይደር እንጂ» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ከቁም ነገር ተነሥተው የሚናገሩ ናቸው። ነገር ግን በእኔ አስተያየት ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ አልፈውት ይሄዳሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በጅምላ ከማየት ይልቅ አንድ ምሳሌ ይዤ ለመመርመር አስቤአለሁ። ምሳሌውም ናይትሮጅን የተባለውን የአዝርዕት ምግብ በቁጠባ እንዲጠቀሙ ተብለው የሚሠሩት የእህል ዘሮች ናቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ያለ ናይትሮጅን ቅጠል አይለመልምም፤ ፍሬም ፕሮቲን አይቋጥርም። ሆኖም በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት አተሙ እጅግ በጠነከረ ማሠሪያ የተቆላለፈ ስለሆነ ጤፉም፣ ስንዴውም፣ በቆሎውም በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ እህል በናይትሮጅን ተከብቦ በናይትሮጅን እጦት ይገረጣል።

ይህን ማሠሪያ መፍታት የሚችሉት አንዳንድ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል በባቄላ፣ በአተር፣ በሽምብራና በምስር ሥር ላይ ባሉት ትናንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ አሉ። ተክሉ ስኳር ይመግባቸዋል፤ እነርሱም በምትኩ ናይትሮጅን ይሰጡታል። ይህን ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በ1880ዎቹ ዓመታት በሙከራ አስረዱ። የእኛ ገበሬ ግን የባክቴሪያን ስም ሳይሰማ ጤፍና ስንዴ እየተፈራረቀ ያደከመውን ማሳ ባቄላ ወይም አተር ዘርቶ ማሳረፍን ከአባቶቹ ተምሮ ሲሠራበት ኖሯል።

በ1909 ፍሪትዝ ሐበር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ይህንኑ ማሠሪያ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ፈትቶ ከአየር አሞኒያ ለመሥራት በቃ። ካርል ቦሽ ደግሞ የሐበርን ሙከራ ወደ ፋብሪካ ደረጃ አሳድጎ በ1913 ኦፓው በተባለ የጀርመን ስፍራ ሥራ አስጀመረው። ዛሬ «ዩሪያ» እያልን የምንጠራው ነጭ ማዳበሪያ የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በምድር ላይ ካለው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው ከዚህ የፋብሪካ ናይትሮጅን በሚገኝ ምርት እንደሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ።

ይሁን እንጂ ይኸው አሞኒያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን የፈንጂ መሥሪያ ሆነ። ሐበር ራሱም በ1915 ኢፕር በተባለው የቤልጅግ ግንባር የክሎሪን መርዝ ጋዝ በወታደሮች ላይ ሲለቀቅ ሥራውን በበላይነት የመራ ሰው ነው። የመርዝ ጋዝ ምን እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ከ1935 እስከ 1936 በተካሄደው የጣልያን ወረራ ስለምናውቀው ሌላ ማስረጃ አያሻንም። የ1918 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዚሁ ሐበር ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ዕውቀት፣ በአንድ በኩል እንጀራ በሌላ በኩል መርዝ። ከዚህ የምንረዳው ዕውቀት በራሱ ጻድቅም ኃጥእም አለመሆኑን ነው። የሚያጸድቀውም የሚያስኮንነውም በማን እጅ ገብቶ ለምን ተግባር እንደዋለ ነው።

አሁን ወደ ቁጠባው ነገር እንምጣ። ገበሬ በእህል ማሳ ላይ ከሚበትነው ናይትሮጅን ውስጥ ወደ ፍሬው የሚደርሰው ሲሶው ያህል ብቻ እንደሆነ በ1999 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ገምቷል። የቀረው ከፊሉ በአፈር ውስጥ ይቀራል፤ ከፊሉ በዝናብ ታጥቦ ወንዝና ሐይቅ ይበክላል፤ ከፊሉም ወደ አየር ይበንናል። ወደ አየር ከሚወጣው ውስጥ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል የሚበልጥ የማሞቅ ኃይል አለው። ከአሜሪካ የእርሻ ማሳዎች በሚሲሲፒ ወንዝ ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያ በየበጋው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ሊኖርበት የማይችል፣ አየር ያጠረው ሰፊ የባሕር ክልል ይፈጥራል።

ይህ የጥጋብ በሽታ ነው። በእኛ አህጉር ያለው በሽታ ግን ሌላ ነው። የአፍሪካ መሪዎች በ2006 አቡጃ ላይ ተሰብስበው በሄክታር 8 ኪሎ ገደማ የነበረውን የማዳበሪያ አጠቃቀም እስከ 2015 ድረስ 50 ኪሎ እናደርሳለን ብለው ነበር፤ አልደረሰም። እንግዲህ አንዱ ጋ ናይትሮጅን ተትረፍርፎ ባሕር ሲገድል፣ ሌላው ጋ አጥሮ ማሳው ይገረጣል።

ተመራማሪዎች የሚያደርጉት ጥረት በዚህ መካከል የሚገኝ ነው። ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ ያዳቀለው አጭር አገዳ ስንዴ ማዳበሪያ ሲበዛለት ስለማይጋሽብ በብዙ አገሮች ምርትን ከፍ አደረገ፤ ቦርሎግም በ1970 የሰላም ኖቤል ተሸለመ። ነገር ግን አገዳውን ያሳጠረው የተፈጥሮ ለውጥ ተክሉ ናይትሮጅንን ቀልጥፎ እንዳይጠቀም የሚያደርግ ጠባይም ነበረው። የቻይና ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ሥራ፣ አንድ ዘረ መል በሩዝ ውስጥ ሲጠናከር አገዳው አጭር እንደሆነ ሳለ የናይትሮጅን አጠቃቀሙ እንደሚሻሻል አሳይተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም በካናዳ በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ከገብስ የተወሰደ ዘረ መል መጀመሪያ በቅባት እህል፣ በኋላም በሩዝ ውስጥ እንዲሠራ ተደርጓል። ይህን ሩዝ መነሻ ያደረገ ምርምር ናይሮቢ በሚገኘው የአፍሪካ የእርሻ ቴክኖሎጂ ፋውንዴሽን አስተባባሪነት ወደ ጋናና ወደ ዩጋንዳ የሙከራ ማሳዎች ደርሷል። በበቆሎ በኩል ደግሞ በ2010 ለአፍሪካ የደከመ አፈር የሚስማማ ዘር ለማውጣት የኬንያና የደቡብ አፍሪካ ተቋማት ያሉበት የጋራ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ከሁሉም የራቀው ሕልም ስንዴና በቆሎ እንደ ባቄላ ከባክቴሪያ ጋር ተስማምተው ናይትሮጅንን ከአየር እንዲያገኙ ማድረግ ነው። በዚህ ላይ በእንግሊዝ አገር ከ2012 ጀምሮ ሰፊ ምርምር ይካሄዳል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ናይትሮጅንን የሚመራው አንድ ዘረ መል ብቻ ስላልሆነ በላቦራቶሪ ያማረው በገበሬ ማሳ ላይ ሲደገም ብዙ ጊዜ ቀንሶ ይታያል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ወገን ሐሳብ እንመዝን። ዘርን መለወጥ በራሱ ኃጢአት ነውን? የምንበላው የዳቦ ስንዴ ሦስት የተለያዩ የሣር ወገኖች በልዩ ልዩ ዘመን ተዳቅለው የተገኘ ነው። በቆሎም ቢሆን የሜክሲኮ ገበሬዎች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት እየመረጡ ከዱር ሣር ያወጡት ነው። በ2021 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር በመሆን ከአንድ የዱር ሣር የተወሰነ ክፍል በማዳቀል ወደ ስንዴ አስተላልፈው፣ ሥሩ በአፈር ውስጥ የናይትሮጅንን ብክነት የሚቀንስ ስንዴ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ይህ የተሠራው ያለ ዘረ መል ምህንድስና ነው። ታዲያ ግቡ አንድ ሆኖ ሳለ በማዳቀል የመጣው የተባረከ፣ በላቦራቶሪ የመጣው የተረገመ ነው ብንል ፍርዳችን በሥራው ላይ ሳይሆን በመሣሪያው ላይ ይሆናል። መሣሪያን ብቻ የሚኮንን ዳኛ ደግሞ ወንጀለኛውን ይለቃል።

ቢሆንም በዚህ ወገን ፍርሃት ውስጥ የማይናቅ ፍሬ ነገር አለ። በማሳ ላይ የተለቀቀ ዘር እንደ ተጻፈ ወረቀት ተሰብስቦ አይቀደድም። በተለይም እንደ ማሽላ ያለ እህል የዱር ዘመዶቹ በዳርና ዳሩ በሚበቅሉበት አገር የአበባው ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ የአዝርዕት መፍለቂያ የሆነ አገር ከሌላው ይበልጥ ቢጠነቀቅ ኋላ ቀርነት አይደለም። ጥንቃቄ ማለት ግን በሩን ዘግቶ መቀመጥ አይደለም። በ2021 የስሪ ላንካ መንግሥት የፋብሪካ ማዳበሪያ ወደ አገር እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከልክሎ የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም እገዳውን ለማላላት ተገደደ። ለአፈር ንጽሕና ተብሎ የወጣው ትእዛዝ ዕዳው የወደቀው በትንሹ ገበሬና ሩዝ ሸምቶ በሚያድረው ድኻ ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ «የተራበ አይጠይቅም» ወደሚለው ሁለተኛው ወገን እንለፍ። በ2002 በደቡባዊ አፍሪካ ረኀብ በገባ ጊዜ የዛምቢያ መንግሥት በርዳታ የመጣውን ዘረ መሉ የተለወጠ በቆሎ አልቀበልም አለ፤ ዚምባብዌና ሞዛምቢክ ግን ለዘር እንዳይውል ተፈጭቶ ይግባ አሉ። በዚህ ጉዳይ ዓለም ብዙ ተከራክሯል። አንዱ መንግሥትን ጨካኝ፣ ሌላው ረጂውን ተንኮለኛ ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። በሁለቱ ትልልቆች ክርክር መካከል እህሉን የሚበላው ሰው ድምፅ የት ነበር? ከርዳታ መጋዘን ፊት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥያቄ ክብደት ያውቀዋል። ሆድ ባዶ ሲሆን ጭንቅላት አብሮ ባዶ አይሆንም።

ለዚህም ታሪክ ምስክር አለው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅ በ1927 ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል። የሰበሰበውም በሌኒንግራድ ከነበረው ታላቅ የዘር ስብስብ ጋር ተቀላቅሏል። እርሱ ራሱ በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት ሲሞት፣ ከተማዋ በጀርመን ጦር ተከብባ በተራበችበት ጊዜ የተቋሙ ሠራተኞች የሩዝና የስንዴ ዘር ከረጢት እየጠበቁ በረኀብ ሞቱ። ነገ ለሌላው የሚሆነውን ዘር ዛሬ አንበላም አሉ። የእኛም ገበሬ በክፉ ቀን በሬውን ይሸጣል፣ ዕቃውን ይሸጣል፤ የዘር ቋቱን የሚነካው ግን ከሁሉም በኋላ ነው። እንግዲህ ስለ ነገ መጠየቅ የጠገቡ ሰዎች ቅንጦት ነው የሚለው አባባል ሐሰት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ዋናው ጥያቄ የምንደርሰው። ይኸውም ቁጠባ የሚጠየቀው ከማን ነው? የሚለው ነው።

«ቆጣቢ እህል» የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው ዓይነት ቆጣቢ ከአፈር ውስጥ ናይትሮጅንን ከሌላው ይበልጥ አሟጦ የሚስብ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ በሳበው ጥቂት ናይትሮጅን ብዙ ፍሬ የሚሰጥ ነው። ማዳበሪያ ተትረፍርፎ በሚባክንበት ማሳ ላይ ሁለቱም መልካም ናቸው። ብክነቱ ይቀንሳል፤ ወንዙም አየሩም ይተርፋል።

ምንም ባልተመገበ ማሳ ላይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። አንድ ኩንታል ስንዴ ከማሳው ይዞት የሚሄደው ናይትሮጅን 2 ኪሎ ያህል ነው። ከሄክታር 20 ኩንታል የሚያፍስ ገበሬ በፍሬው ብቻ 40 ኪሎ ናይትሮጅን ከማሳው አወጣ ማለት ነው። አንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ዩሪያ የሚይዘው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ስለሆነ፣ የወጣውን ለመተካት ሁለት ጆንያ የሚጠጋ ያስፈልጋል። ገለባውን ከብት ሲበላው፣ ፍጉም ወደ ማሳ በመመለስ ፈንታ ኩበት ሆኖ ምድጃ ሲገባ ጉድለቱ ይብሳል። በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ አሟጦ የሚስብ ዘር ብንዘራ ለጥቂት ዓመታት ጎተራው ይሞላል፤ የአፈሩ ጥሪት ግን ቶሎ ያልቃል። በጥቂቱ ብዙ የሚያፈራውን ብንዘራ ደግሞ ፍሬው ሲበዛ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ሊሳሳ ይችላል። ሥጋና ወተት ለሚያገኝ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ከእህል በቀር ሌላ ለሌለው ሕፃን ግን ትልቅ ነገር ነው። ከአየር ናይትሮጅን የሚያመጣው ዓይነት ብቻ ነው አዲስ ሀብት የሚጨምረው፤ እርሱም ቢሆን ባክቴሪያውን ለመመገብ ከራሱ ጉልበት መክፈል አለበት።

እንግዲህ ከባዶ መሶብ ተአምር የሚያወጣ ዘር የለም። የጠገበውን «ቆጥብ» ማለት ፍትሕ ነው። ያልተሰጠውን «ቆጥብ» ማለት ግን ያለመስጠትን ጥፋት በጥበብ መሸፈን ነው። ይህን እኛ ከሌላው ሰው ይልቅ እናውቀዋለን። ራሽን በተቀነሰ ቁጥር ስለ አመጋገብ ብልሃት ምክር ይመጣል። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ሽሮውን የምታበረክት እናት በእውነት ብልህ ናት። የእርስዋ ብልሃት ግን የቀነሰውን ሰው ከተጠያቂነት ሊያድነው አይገባም። ለደከመ አፈር ቆጣቢ ዘር የሚያቀርብም እንዲሁ ነው። ከዘሩ ጋር ማዳበሪያው የሚደርስበትን መንገድ፣ ብድሩን፣ ኩበቱን የሚያድን ሌላ ማገዶ፣ ባቄላውና ሽምብራው የሚሸጥበትን ገበያ አብሮ ካላሰበ ተክሉን አስተካክሎ ግፉን እንዳለ ተወው ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የባለቤትነት ጥያቄ ይከተላል። በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ተፈራርሞ የጤፍ ዘር ወሰደ፤ በጤፍ ዱቄትና ከእርሱ በሚሠሩ ምግቦች ላይም በአውሮፓ ፓተንት ይዞ ተገኘ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ለኢትዮጵያ ተስፋ የተሰጠውም ጥቅም ከወረቀት አልፎ ይህ ነው የሚባል ነገር አላመጣም። በሆላንድ አገር የነበረው ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2018 ነው። ጤፍን ያለመዱትና ለዚህ ያበቁት ገበሬዎች ስለዚህ ሁሉ የጠየቃቸው አልነበረም።

በሌላ በኩል በሜክሲኮ በዋሐካ አውራጃ ቶቶንቴፔክ በሚባል ተራራማ መንደር የሚበቅል አንድ ረጅም በቆሎ አለ። ከመሬት በላይ ከሚያወጣው ሥር ወፍራም ንፍጥ የመሰለ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይሰጡታል። በ2018 በወጣው ጥናት መሠረት ይህ በቆሎ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከመቶ 29 እስከ 82 እጅ የሚያገኘው ከአየር ነው። ሊቃውንት በላቦራቶሪ የሚመኙትን ነገር የመንደሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በማሳቸው ጠብቀው አቆይተውት ተገኙ። ተመራማሪዎቹም ሥራውን ሲይዙ ከመንደሩ ማኅበረሰብ ጋር የጥቅም ተካፋይነት ስምምነት አድርገዋል። ስምምነቱ ወደ ፊት ምን ያህል ይጠቅማቸው ይሆን የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ መጠየቃቸው ከጤፉ ታሪክ ይለየዋል።

ምናልባት «ለአፍሪካ ገበሬ ሲሆን ኩባንያዎቹ የፓተንት ክፍያ ይተዋሉ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከላይ የጠቀስሁት ሩዝ በእንዲህ ያለ ፈቃድ የመጣ ነው፤ መልካም ሥራም ነው። ሆኖም በፈቃድ የተገኘና በመብት የተገኘ ነገር አንድ አይደለም። ፈቃድ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ ተቀባዩ ምን ይላል? ገበሬ ከጎተራው ዘር አንሥቶ በሚቀጥለው ክረምት የመዝራት መብቱ ከዘሩ ጋር አብሮ ሊሰጠው ይገባል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ናይትሮጅንን የሚቆጥብ እህል መሥራት የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ማዳበሪያን በሚያባክኑ አገሮች ዘንድ እንዲያውም ግዴታ ነው። ወደ ድኻው ማሳ ሲመጣ ግን ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። አንደኛ፣ ቁጠባውን የሚጠይቀው ከተትረፈረፈው ነው ወይስ ከተነፈገው? ሁለተኛ፣ ዘሩ ከገበሬው ጎተራ ወደ ገበሬው ማሳ መመለስ ይችላል ወይስ በየዓመቱ ከሱቅ ይሸመታል? ሦስተኛ፣ ዘሩ የቀረበለት ሰው ተረድቶ «እሺ» የማለት፣ ካልፈለገም ሳይቀጣ «አይሆንም» የማለት ዕድል አለው? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ፣ ዘሩ በማዳቀል መጣ በምህንድስና መጣ ለእኔ ሁለተኛ ነገር ነው። ካልተመለሱም ከአባት የወረደ ዘር ቢሆን እንኳ የግፍ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ካምፕ ውስጥ ከደጋም ከቆላም ዕድሜአቸውን በሞፈር ያሳለፉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የደከመ ማሳ በየትኛው አዝርዕት እንደሚያገግም፣ ስንት ዓመት ማረፍ እንዳለበት፣ በየአገራችሁ ምን ይባል እንደነበር የምታውቁ አላችሁ። መጻፍ የማይችል ለልጁ ይንገረው፤ ልጁ ይጻፈው። ይህ ዕውቀት ከማሳው ጋር ወደ ኋላ የቀረ መስሎን እንዳንተወው። ነገ ወደ አገራችን ብንመለስ ወይም በሌላ ምድር መሬት ብናገኝ፣ አዲስ ዘር ይዞ ለሚመጣው ሰው የምናቀርበው ጥያቄ ከዚሁ ዕውቀት የሚወጣ ነው። የሚቃወመኝም ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ።